የት ተቀምጠን አየነው? በከዚራ ስለተሰጠው የዓለም ቴአትር ሥልጠና

ከመጋቢት መጨረሻ አንሥቶ እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ፣ በስምንት ተከታታይ ቅዳሜዎች፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በኪራይ በተያዘ አንድ አዳራሽ የተሰጠውን የዓለም ቴአትር ታሪክና ስልቶች ሥልጠና ተከታትያለሁ። ክፍያው 2,400 ብር ነበር፤ ከኪሴ የከፈልኩት ስለሆነ የምጽፈው ለማንም አድልቼ አይደለም። ፍርዴን ከመነሻው ልናገር፤ ከስምንቱ ቀናት አምስቱ ገንዘቤን ከነትርፉ መልሰውልኛል፣ ሦስቱን ግን ቤቴ ተኝቼ ባሳልፋቸው የሚቀርብኝ ነገር አልነበረም። መምህሩ በስምንቱም ቀን ያው አንድ ሰው፣ እውቀቱም ያው ነው። ቀናቱን ያለያያቸው እኛ ተሳታፊዎቹ የተቀመጥንበት ሁኔታ ነበር።

ተሳታፊዎቹ ሃያ ሁለት ነበርን። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ከቀበሌ የድራማ ክበባት የመጡ ወጣቶች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አንድ ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለሉ አባት፣ እንዲሁም በየቅዳሜው ከሐረር ጁገል በሚኒባስ ተሳፍረው፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርደው የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩበት። ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መጥተው አንድም ቀን ያላረፈዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። መምህሩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት የተማረ፣ መድረክ ላይም ብዙ የሠራ ሰው መሆኑ ከድምፁ አወጣጥ ይታወቃል።

በመጀመሪያው ቀን ስንገባ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች በአራት ረድፍ ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ ፕሮጀክተሩ አዙረው ጠበቁን። መምህሩ በር ላይ ቆሞ ጥቂት ካያቸው በኋላ «እነዚህን አንሡልኝ» አለ። ወንበሮቹን ግድግዳ ሥር ከቆለልናቸው በኋላ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሰፊ ክብ ሣለ፣ ከክቡ ዙሪያ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አስቀመጠንና የጥንት ግሪኮችን ቴአትር እዚያው ወለል ላይ ጀመረው። ክቡ ኦርኬስትራ ነው። ዛሬ የሙዚቀኞች ስም ያደረግነው ይህ ቃል በጥንት ግሪኮች ዘንድ ኮረሱ፣ ማለትም የዘማሪዎቹ ቡድን፣ የሚጨፍርበትና የሚዘምርበት ቦታ ስም እንደነበረ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የኤፒዳውረስ ቴአትር 14 ሺህ ያህል ሰው ይይዝ እንደነበረ፣ ወንበሮቹም ከተራራ ወገብ ላይ የተጠረቡ የድንጋይ እርከኖች እንደነበሩ ሲነግረን፣ እኛ በግማሽ ጨረቃ ስለተቀመጥን ነገሩ ሩቅ አልመሰለንም። ፊት ለፊቴ ያለውን ተዋናይ ብቻ ሳይሆን ከክቡ ማዶ የተቀመጠውን ሰው ፊትም አያለሁ፤ እኔ ሳዝን እሱም ሲያዝን አየዋለሁ። በረድፍ ተቀምጦ የሰውን ማጅራት እያዩ ቴአትር መከታተል የለመደ ሰው ይህን ልዩነት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይረዳዋል።

ከዚያ የቀጠለው ልምምድ ከስምንቱ ቅዳሜ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። አርስቶትል እንደጻፈው፣ ተዋናዩን ከአንድ ወደ ሁለት ያሳደገው ኤስኪለስ፣ ሦስተኛውን የጨመረው ደግሞ ሶፎክለስ ነው። ይህ አረፍተ ነገር በየመጽሐፉ አለ፤ እኔም ከዚህ በፊት አንብቤው አልፌዋለሁ። መምህሩ ግን አንድ ቀላል ታሪክ ሰጠን፦ አንድ ልጅ የቤቱን ፍየል ደብቆ ሸጧል። በመጀመሪያ የምድር ባቡሩ ጡረተኛ ብቻቸውን ወደ ክቡ ገቡና ነገሩን ለእኛ፣ ማለትም ለኮረሱ፣ አወሩልን፤ እኛም በአንድ ድምፅ እየመለስን አዘንን፣ ወቀስን። ያማረ ነገር ነበር፣ ነገር ግን ከለቅሶ ቤት ሙሾ ብዙም አይርቅም። በሁለተኛው ዙር የባጃጁ ሹፌር ልጁን ሆኖ ገባና ጠብ ተነሣ፤ አሁን የምናየው ክርክር ሆነ። በሦስተኛው ዙር አንዲት መምህርት ፍየሉን የገዛችውን ሴት ሆና ገባች። እንድትናገር አልተፈቀደላትም፣ ዝም ብላ ትቆማለች። እሷ ከቆመችበት ቅጽበት ጀምሮ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው መሆኑ ቀረ፤ እያንዳንዱ ቃል ለሚሰማ ባዕድ ጆሮ የሚባል ሆነ፣ ልጁ ይዋሽ ጀመር፣ አባትየውም ቁጣቸውን ዋጥ አደረጉ። ሦስተኛው ሰው ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በላይ ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ቀኑ ሊያልቅ ሲል መምህሩ በግሪክ ቴአትር የፊተኛው ረድፍ ለክብር ሰዎች የተከለለ እንደነበረ፣ በአቴናም መካከለኛው ወንበር የወይን አምላካቸው የዳዮኒሰስ ካህን ስፍራ እንደነበረ ሲያነሣ፣ ከሐረር የሚመጡት እናት «ይኼማ የእኛ ቤት ነው» አሉ። መምህሩ ጠመኔውን ሰጣቸው። እሳቸውም ከግሪኩ ክብ አጠገብ የሐረሪን ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋርን፣ በወለሉ ላይ ሥለው አምስቱን ነደባዎች፣ ማለትም የመቀመጫ መደቦች፣ አንድ በአንድ አሳዩን፤ የአሚር ነደባ የቱ እንደሆነ፣ ማን በየትኛው ከፍታ እንደሚቀመጥ፣ ከደጅ የገባ እንግዳ ማንም ሳይነግረው የቤቱን ጌታ ከተቀመጠበት እንደሚለይ አስረዱን። ይህ ሃያ ደቂቃ በመርሐ ግብሩ ላይ አልነበረም። መምህሩን በጣም የወደድኩት እዚህ ላይ ነው፤ አላቋረጣቸውም፣ ከጨረሱ በኋላም «እንግዲህ መድረኩን ከማየታችን በፊት የተመልካቹን መቀመጫ እንይ» ብሎ የሥልጠናውን ዘዴ በዚያው አጸናው። ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ቅዳሜ ድረስ።

ሁለተኛው ቅዳሜ የጃፓን ነበር። ኖ የተባለው የጭምብል ቴአትር መድረክ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 6 ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ስለሆነ በገመድ ለክተን ወለሉ ላይ ዘረጋነው፤ በአራቱ ማዕዘን ምሰሶ ፈንታ አራት ሰው አቆምን፤ ተዋናዩ የሚገባበትን ድልድይ በሁለት አግዳሚ ወንበሮች መካከል ሠራን። ተመልካቹ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይቀመጣል። ምሰሶዎቹ ጣሪያ ከመሸከም ሌላ ሥራ አላቸው፤ ጭምብል ያጠለቀ ተዋናይ የሚያየው በጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ የመድረኩን ጠርዝ የሚያውቀው ምሰሶውን ዒላማ አድርጎ ነው። ይህን ለማሳየት መምህሩ ከካርቶን የተቆረጠ ጭምብል አጠለቀልንና ካልሲ ብቻ አድርገን፣ ተረከዛችንን ከወለሉ ሳናነሣ እየተንሸራተትን እንድንሄድ አዘዘ። የባጃጁ ሹፌር ሦስት እርምጃ ሄዶ «ኧረ አቦ፣ በዚህ አካሄድ ሳቢያን ለመድረስ ዓመት ይፈጃል!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ነገር ግን በአራተኛው ሙከራው ሳቁ ጠፍቶ ሁላችንም ጸጥ ብለን ስናየው እንደነበረ አስታውሳለሁ። ካን አሚና ልጁ ዜአሚ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሾጉኑ፣ ማለትም በወታደራዊው ገዥ፣ በዮሺሚትሱ ድጋፍ ይህን ጥበብ ወደ ከፍታው ሲያደርሱት፣ ዝግታ የጥበቡ አጥንት እንደነበረ በእግራችን ተማርን።

ካቡኪ የተባለው ሌላው የጃፓን ቴአትር በዚያው ቀን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ መጣ፤ እሱም ቢሆን ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1603 በኪዮቶ ከተማ ኦኩኒ የተባለች ሴት የጀመረችው ጨዋታ መሆኑን፣ መንግሥት በ1629 ሴቶችን ከመድረክ ማገዱን፣ ከዚያም የሴትን ሚና ወንዶች መጫወታቸው እስከ ዛሬ መዝለቁን ሰማን። እኔ ያተረፍኩት ግን ተመልካቹን ሰንጥቆ የሚያልፈውን የአበባ መንገድ ነው፤ ተዋናዩ ከኋላ ገብቶ በሰው መካከል እያለፈ ወደ መድረክ ይወጣል። የአበባው መንገድ በሠርግ ቤት ሙሽሮች በእልልታ መካከል የሚገቡበትን መተላለፊያ ያስታውሰኛል፤ መምህሩም ያንኑ ምሳሌ ቢጠቅስ ባልጠላሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ስጽፍ ትንሽ ይከብደኛል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቅዳሜ ስንገባ ወንበሮቹ ወደ ረድፋቸው ተመልሰው ነበር። ሕንድና ቻይና በፕሮጀክተር ብቻ አለፉ። አዘጋጆቹ ሰዓት ለመቆጠብ ነው ብለውናል፤ የቆጠቡት ሰዓት ግን አልታየኝም፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሰዓት የተጋጨውን ገመድና የማይሰማውን ድምፅ በማስተካከል አለቀ። በባራታ ስም የሚጠራው ናትያ ሻስትራ የተባለው ጥንታዊ የሳንስክሪት ድርሳን ስለ ስምንቱ ራሳዎች፣ ማለትም ተመልካቹ ሊቀምሳቸው ስለሚገቡ የስሜት ጣዕሞች፣ የሚሰጠው ትምህርት እጅግ የረቀቀ ነው፤ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ጀግንነት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍና መደነቅ። ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ የመጣው ካታካሊ የተባለው ቴአትርም ፊቱን አረንጓዴ የተቀባው ደግ ጀግና እንደሆነ ተመልካቹ ከሩቅ የሚለይበት ጥበብ አለው። በዓይኑና በጣቱ የሚናገር ጥበብ በተደበላለቀ ቀለም ግድግዳ ላይ ሲታይ ግን የሚቀረው ፎቶግራፍ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡት ወጣቶች ስልካቸውን ማየት ጀመሩ፤ እውነት ለመናገር እኔም አየሁ።

የቻይናው ቀን የበለጠ አናደደኝ፤ በቤጂንግ ኦፔራ መድረክ ላይ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነውና። ጠረጴዛው ተራራ ይሆናል፣ ዙፋን ይሆናል፣ የዳኛ ችሎት ይሆናል፤ ተዋናዩ አለንጋ ከያዘ ፈረስ ላይ ነው። ቀይ ፊት ታማኝ፣ ነጭ ፊት ተንኮለኛ፣ ጥቁር ፊት ደግሞ ቀጥተኛና የማይደለል ሰው ነው። ይህ ሁሉ በስላይድ ላይ ተጽፎ ሲነበብልን፣ ጠረጴዛውና ሁለቱ ወንበሮች ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆመው የሻይ ብርጭቆ ተደርድሮባቸው ነበር። አለንጋም ቢጠፋ የቀበቶ እጥረት በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

የተሰጠንን ጽሑፍ እዚሁ ላይ ላንሣ፤ 46 ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው፣ አንብበው ካልሸመደዱት ብዙ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ሁለት ከባድ ነውሮች አሉት። አንደኛው፣ የሼክስፒር ተውኔቶች ይታዩበት የነበረው ግሎብ ቴአትር በ1666 ተቃጠለ ይላል። ይህ የለንደን ከተማ የተቃጠለበት ዓመት ነው፤ ግሎብ እ.ኤ.አ. በ1599 ተሠርቶ የተቃጠለው በ1613 ሲሆን፣ ሄንሪ ስምንተኛን ሲያሳዩ የተኮሱት መድፍ የሣር ክዳኑን አቀጣጥሎት ነው። ሁለተኛው ነውር የዘመን አቆጣጠር ነው። ጽሑፉ የሀገራችንንና የአውሮፓን አቆጣጠር ያለ ምንም ምልክት ደባልቆ ስለሚያስቀምጥ፣ አንባቢ ሀገር ፍቅር በ1927 ተመሠረተ፣ ቻይናዊው ተዋናይ ሜይ ላንፋንግም በ1935 በሞስኮ ተጫወተ የሚሉትን ዐረፍተ ነገሮች ሲያይ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ያለ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ዓ.ም.፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓመት ናቸው። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ብሬሽት በሞስኮ የሜይ ላንፋንግን ጨዋታ አይቶ፣ ተዋናይ ገጸ ባሕርይውን ሳይሆን ገጸ ባሕርይውን የሚያሳይ ሰው ሆኖ መቆም እንደሚችል የተመሰጠበት ዓመት፣ በአዲስ አበባ የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመበት ዓመት ነው፤ ጣልያን ደግሞ ከወራት በኋላ ሊወረን ነው። ይህን ግጥጥሞሽ የሚያህል የመወያያ ርእስ በአቆጣጠር ስሕተት ተቀብሮ መቅረቱ ያስቆጫል። በእረፍት ሰዓት ለአዘጋጆቹ ነግሬያቸው «በሚቀጥለው ዙር ይታረማል» ብለዋል።

አምስተኛው ቅዳሜ ግን ሁሉንም ካሰ። የጃቫ የጥላ ቴአትር፣ ዋያንግ ኩሊት፣ ነበር። መምህሩ አንሶላ ወጥሮ፣ ከኋላው መብራት አድርጎ፣ ከካርቶን የተቆረጡ ምስሎች አዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ በጃቫ ምስሉ የሚቀረጸው ከጎሽ ቆዳ ነው። የረሳው የድሬዳዋን የሚያዝያ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ነው። ጥላ እንዲታይ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረድናቸው፤ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ አዳራሹ ዳቦ ቤት ሆነ። የምድር ባቡሩ ጡረተኛ ከሸሚዛቸው ላይ ላብ እየጨመቁ «ልጄ፣ እኔ ጥላ ሳይሆን ጥላ ሥር መሆን ነው የምፈልገው» አሉት። ትምህርቱ ተቋርጦ ለምሽቱ አንድ ሰዓት ተቀጠረ፤ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶ ሌላው ሁሉ ተመልሶ መጣ፣ የሐረሯ እናትም ዘመድ ቤት ለማደር ወስነው ቆዩ።

በግቢው ውስጥ በሁለት የኒም ዛፎች መካከል አንሶላው ተወጠረ። አየሩ ለስለስ ብሏል። ዳላንግ የሚባለው ባለሙያ በጃቫ ከምሽት እስከ ንጋት ከቦታው ሳይነሣ ምስሎቹን ሁሉ ብቻውን ያንቀሳቅሳል፣ ለሁሉም በየድምፃቸው ይናገራል፣ በእግሩም ብረት እያንኳኳ ሙዚቀኞቹን ይመራል። ለእኛ ግማሽ ሰዓት በቂ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ተመልካቹ በአንሶላው በሁለቱም ወገን መቀመጥ መቻሉ ነው፤ በጃቫም ልማዱ እንዲሁ ነው። በፊት ወገን የተቀመጥን ጥላውን አየን፤ በኋላ ወገን የተቀመጡት ደግሞ የመምህሩን እጅ፣ መብራቱንና ቀለሙን አዩ። በመካከል ቦታ ተለዋወጥን። ከኋላ ሆኜ ሳይ፣ መምህሩ የንጉሡን ምስል በቀኝ እጁ ይዞ በቁጣ ሲያናግር ግራ እጁ የሚቀጥለውን ምስል በጸጥታ ከመሬት ሲያነሣ ተመለከትኩ፤ ከፊት በኩል ደግሞ ሰዎቹ «ወይኔ!» እያሉ ይደነግጣሉ። የግቢው ዘበኛ በሩን ትቶ መጥቶ ከኋላ ወገን ቆመ፤ እስኪያልቅም አልተመለሰም።

ስድስተኛው ቀን ጣልያንንና እንግሊዝን በአንድ ላይ ይዞ በፍጥነት አለፈ፣ ግን አልተጎዳም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣልያን አደባባዮች የተስፋፋው ኮሜዲያ ዴላርቴ ቃለ ተውኔት አልነበረውም፤ የታሪኩ አጽም ብቻ ተጽፎ ይሰቀላል፣ የቀረውን ተዋናዮቹ እዚያው ይፈጥሩታል። ስስታሙ የቬኒስ ነጋዴ ፓንታሎኔ፣ ብዙ አውቃለሁ ባዩ ዶቶሬ፣ ሁልጊዜ የሚርበው አገልጋይ አርሌኪኖ፤ ሰዎቹ ቋሚ፣ ወሬው ተለዋዋጭ ነው። ፓንታሎኔን የመጋላ ነጋዴ፣ አርሌኪኖንም ኮንትሮባንድ ጨርቅ ተሸካሚ አድርገን ስንጫወተው ወጣቶቹ ከቁጥጥር ውጪ ሆኑ። ከዚያ በግቢው ቆመን ግሎብን አየን፤ በለንደን አንድ ፔኒ የከፈለ ሰው በመድረኩ ዙሪያ ቆሞ፣ በቀን ብርሃን ነበር የሚያየው፣ ተዋናዩም የተመልካቹን ዓይን ያያል። መምህሩ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ከተተረጎመው የአማርኛ ሀምሌት ጥቂት መስመሮችን ከእያንዳንዳችን በአንድ ክንድ ርቀት ቆሞ ሲናገር፣ ልዑሉ ለብቻው የሚያወራ ሰው ሳይሆን እኛን የሚጠይቅ ሰው ሆኖ ታየኝ። ቆሞ ማየቱ ግን እግር ይፈጃል፤ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ሰባተኛው ቀን የምለው ብዙ የለም። ኖርዌጂያዊው ጸሐፌ ተውኔት ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1879 የአሻንጉሊት ቤትን ጻፈ፤ ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ በ1898 የሞስኮን የጥበብ ቴአትር መሠረቱ፤ ተመልካቹ በጨለማ ተቀምጦ ግድግዳው እንደተነሣ ቤት ውስጥ የሚያየው ቴአትር ተወለደ፤ ብሬሽት መብራቱን መልሶ አበራው፤ ቤኬት «ጎዶን በመጠበቅ» በተባለው ተውኔቱ በ1953 በፓሪስ ሁለት ሰዎችን የማይመጣ ሰው አስጠበቀ። ያን ቀን ወንበሮቹ በረድፍ መሆናቸው ትክክል ነበር፤ ርእሱ ራሱ የረድፍ ቴአትር ነውና። መምህሩም ይህንኑ ጠቅሶ፣ ብሬሽት ላይ ሲደርስ መስኮቶቹን አስከፍቶ ወንበሮቻችንን እንድናዞር አድርጎናል።

ትልቁ ቅሬታዬ በስምንተኛው ቀን ላይ ነው። አፍሪካና ኢትዮጵያ በአንድ ላይ ተጠቃለው፣ ሠርተፊኬት የሚሰጥበትና ንግግር የሚደረግበት ቀን ስለነበረም አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ተረፈላቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ናይጄሪያዊው ወሌ ሾይንካ በሁለት ዐረፍተ ነገር አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኬንያ ካሚሪቱ መንደር ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ራሳቸው የአየር ላይ ቴአትር ሠርተው፣ በኪኩዩ ቋንቋ ተጫውተው፣ ተውኔቱ ሲታገድ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዓመቱ መጨረሻ የታሰረበት ታሪክ፣ ስለ ተመልካችና ስለ መድረክ ሲነገር ለነበረ ሥልጠና ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አልነበረውም፤ አልተነሣም። የበለጠ የገረመኝ የሶማሊ ቴአትር ፈጽሞ አለመጠቀሱ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ጫፉ ጅቡቲ ነው፤ ከመካከላችን ሦስቱ ሶማሊኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ሐሰን ሼክ ሙሚን እ.ኤ.አ. በ1968 ለመድረክ ያበቃው ሸቤልናጎድ፣ በግጥም፣ በዘፈንና በቃለ ምልልስ የተሸመነው ተውኔት፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከታተመ ዘመናት አልፈዋል። የሶማሊ ገጣሚ ተመሳሳይ ፊደል ከስንኝ ስንኝ እያስከተለ ሲሰድር የሚሰማ ተመልካች የሚቀመጠው ለማየት ብቻ አይደለም። አንደኛው ወጣት እጁን አውጥቶ ስለዚህ ሲጠይቅ «ሰዓት የለንም» ተባለ።

በሀገራችን በኩልም መምህሩ በትክክል የጀመረው ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው፤ በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፋቡላ የተሰኘውን የአውሬዎች ኮሜዲያ አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ አሳዩ፣ እንስሳቱ የሚናገሩት ነገር ቤተ መንግሥቱን ስላላስደሰተ ቴአትር ለዓመታት ታገደ። ነገር ግን ድሬዳዋ ውስጥ ቆሞ ይህን የሚናገር ሰው እንዴት ሐረርን ይረሳል? ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ጋር ሐረር የኖሩ፣ ከዓድዋ በኋላ ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ ኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ያቀኑ ሰው ናቸው። ጠልፎ በኪሴንና ያላቻ ጋብቻን የጻፉት መንግሥቱ ለማም የልጅነታቸውን ዘመን ያሳለፉት ሐረር ነው። የአማርኛ ተውኔት ሁለት ታላላቅ ሳቆች ከዚህችው አካባቢ ጋር እንዲህ ተያይዘው ሳለ፣ እኛ ግን ስለ ቬኒሱ ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ሰዓት ወስደናል።

በጨዋታ መካከል የተነሣ አንድ ነገር ልጥቀስ። መምህሩ በክብ ስለሚታይ ቴአትር ሲናገር በሐረር ግንብ ሥር ማታ ማታ የሚካሄደውን የጅብ ምገባ ምሳሌ አድርጎ አቀረበው፤ ክብ አለ፣ የመኪና መብራት አለ፣ ትንፋሹን የዋጠ ተመልካች አለ። የሐረሯ እናት አልተቀበሉትም፤ «ጅቡ መብላት ነው የመጣው፣ የሚጫወተው ሰውዬው ብቻ ነው» አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

አገልግሎቱን በሚመለከት ምዝገባው ቀላል ነው፣ ክፍያውም በቴሌብር ያልቃል። በእረፍት ሰዓት የሚቀርበው ሻይና ሳምቡሳ ለመጀመሪያዎቹ ዐሥራ አምስት ሰዎች ብቻ የሚበቃ ስለሆነ ቀደም ማለት ይሻላል። ከአራቱ የጣሪያ ማራገቢያዎች የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው፣ ሁለቱም ያሉት በበሩ በኩል ነው። ሠርተፊኬቱ በመጨረሻው ቀን እንደሚሰጥ ተነግሮን ስሞቻችን በስሕተት ስለታተሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ያገኘነው፤ የእኔ የአባት ስም አሁንም አንድ ፊደል ይጎድለዋል። በአንጻሩ አዘጋጆቹ ትሑታን ናቸው፣ ቅሬታ ሲቀርብላቸው ይጽፋሉ፣ አይቆጡም።

ሁለተኛው ዙር ከክረምቱ በኋላ እንደሚጀመር ተነግሮናል፣ ክፍያው ግን 2,800 ብር ሊሆን ይችላል። የስምንተኛውን ቀን ለሁለት ከፍለው ዘጠኝ ቅዳሜ ካደረጉት ያዋጣል፤ አሁን ባለው ይዞታ 2,400 ብሩን አልቆጭበትም፣ ለ2,800 ብር ግን ከመክፈላችሁ በፊት መርሐ ግብሩን ጠይቃችሁ እዩ። የምድር ባቡሩ ጡረተኛ ሁለተኛውንም ዙር እንደሚመዘገቡ ነግረውኛል፤ ያመለጣቸውን ኮረስ መሆን ነው የሚፈልጉት፣ በመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ አባት ይሆኑ ነበርና። ከሄዳችሁ የበሩ በኩል፣ ከሁለተኛው ማራገቢያ ሥር፣ ከግድግዳው ሦስተኛው ቦታ ጥሩ ነው። ወንበሮቹ ተነሥተው በክብ ስትቀመጡም እዚያው አካባቢ ያዙ።